ማኅበራዊ እሴትና የሳይንስ ገለልተኝነት

ማኅበራዊ እሴት በሳይንስ ላይ ያለው ተጽዕኖ የሳይንስ ፍልስፍና ርዕስ ሲሆን፣ አንድ ኅብረተሰብ መልካም ወይም ነውር የሚለው ነገር የምርምርን ጥያቄ፣ ዘዴና ውጤት እንዴት እንደሚቀርጽ ይመረምራል። ለየትኛው ጥናት ገንዘብ እንደሚመደብ የሚወስነው እሴት መሆኑ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው እሴት ማስረጃው ውስጥ ሲገባ ነው።

የመድኃኒት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ደረጃዎች እንዲገለሉ መከረ። ዓላማው ጽንስን መጠበቅ ነበር፤ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ሕፃናት ላይ ያደረሰው የአካል ጉዳት አልተረሳም። ነገር ግን በዚህ በጎ አሳቢነት ምክንያት መድኃኒቶች በሴቶች አካል ውስጥ ስለሚሠሩበት መንገድ የተሰበሰበው መረጃ አነስተኛ ሆነ። እገዳው በ1993 ተነሣ። ዞልፒደም ለተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሴቶች የሚመከረው መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም የወረደው ደግሞ በ2013 ነው፤ የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ስለሚያስወግደው በማግስቱ ጠዋት መኪና መንዳት አደገኛ ይሆን ነበር።

ፈላስፋዋ ሔለን ሎንጂኖ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ገለልተኝነት የአንድ ተመራማሪ ጠባይ ሳይሆን የተለያየ አመለካከት ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ከሚያደርጉት ትችት የሚገኝ ነው ብላ ተከራክራለች። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው እሴት ጥያቄ በመምረጥ ላይ ብቻ እንዲወሰን፣ መልሱ ግን ለማስረጃ እንዲተው ይሻሉ።