ለኮምፒዩተር ጨዋታ ሙዚቃ መሥራትና ያልተጻፈ ውል

የእህቴ ልጅ የኮምፒዩተር ጨዋታ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን የመሰሉ አገርኛ ጨዋታዎች በስልክ መጫወት ከተጀመረ ወዲህ እሱም እንቅልፍ አጥቷል። የእሱ ጨዋታ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከአንኮበር ሥር ወዳለው የአሊዩ አምባ ገበያ ስለሚወጣ የሲራራ ነጋዴ ነው። «ጋሼ፣ ድሮ ክራር ይደረድሩ አልነበር? ሙዚቃውን እርስዎ ይሥሩልኝ» አለኝ። የሰው ክርክር ሲያገላብጥ ለሸበተ የሕግ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይላል፤ እሺ አልኩ። ከዚህ በታች ያለው አንድ ጀማሪ ተሳስቶ የተማረው ነው። ውልን የሚመለከተው ክፍል ግን ሙያዬ ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴ ዘፈን መሥራቴ ነበር። መግቢያ፣ አዝማች፣ መዝጊያ ያለው የአራት ደቂቃ ሥራ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ሳቀ። ተጫዋቹ ገበያው ውስጥ ግማሽ ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ሊቆይ ይችላል፤ መቼ እንደሚወጣ ሙዚቃው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ይህን በአራት ድምፆች ብቻ አሳይቷል፤ አራቱ ወራጅ ድምፆች ይደጋገማሉ፣ ጠላት በቀረበ ቁጥር ይፈጥናሉ። የተጫዋቹ ልብ ምትም አብሮ ይፈጥናል።

ስለዚህ የሚሠራው ተመላላሽ ዜማ ነው። በደቂቃ 120 ምት፣ በአራት ምት ቤት 16 ቤት ብትሠሩ 32 ሴኮንድ ይሆናል፤ ለጀማሪ በቂ ነው። ጭንቁ መገጣጠሚያው ላይ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ገደል ማሚቶ ሳያልቅ ከተቆረጠ ጆሮ ይነቃል፤ ማሚቶውን ከመነሻው ጋር ማደራረብ ያስፈልጋል። ኤምፒ3 ደግሞ ጫፎቹ ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዌቭ ወይም ኦግ የሚባሉት ይሻላሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ክራሬን ስወቅስ ከረምኩ። መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም፤ ኤልኤምኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የሠራችሁትን ግን በስልክ ድምፅ ማጉያም አድምጡት። በጆሮ ማዳመጫ የሚያንቀጠቅጠው ከበሮ ስልኩ ላይ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ መደራረብ ይመጣል። ነጋዴው ሲጓዝ ከበሮ ብቻ፣ ገበያው ሲቀርብ ክራር፣ መሐል ሲገባ ማሲንቆ። ሁሉም በአንድ ፍጥነትና በአንድ ቅኝት ተቀድተው ጨዋታው እንደ ሁኔታው ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ሙዚቃን ከተጫዋቹ እርምጃ ጋር ማያያዝን ሉካስአርትስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 «መንኪ አይላንድ 2» ላይ በሚገባ አሳይቶበታል።

ቅኝት ላይ ከማንም የተሻለ ሀብት አለን። ከዶ ብትነሱ የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ለበረሃው አምባሰልን፣ ለገበያው ባቲን መረጥኩ። አንቺሆዬን ሽፍታ ለሚመጣበት አደረግኳት፤ በሰርግ የለመዳት ጆሮ ቅር ቢለውም።

ድምፅ ለመቅዳት አሊዩ አምባ ድረስ ወረድኩ። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር፤ አሞሌ ጨው ይገባበታል፣ የሐረር ነጋዴዎች ይከርሙበታል። እኔ የቀዳሁት የአህያ ኮቴ፣ የእህል መሰፈርና የሰው ጫጫታ ነው። መንዙማም ሰማሁ፤ አልቀዳሁም። ሰው ለጸሎት የሚለውን ዜማ ከሽፍታ ውጊያ ሥር ማስገባት ነውር መስሎ ታየኝ።

አሁን ወደ ሙያዬ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ለአንድ ድርጅት የጨዋታ ሙዚቃ በቃል ስምምነት ሠርቶ፣ ጥቂት ብር ተቀብሎ፣ በኋላ ዜማውን ማስታወቂያ ላይ ሰማው። ሊከስ ነበር የመጣው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ከፍቼ አነበብኩለት። የሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሥራው በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ከሆነ ግን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ ከመነሻው የአሠሪው ነው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። የቀረለት በስሙ የመጠራት መብት ነበር፤ እሱ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የተገላቢጦሹን እነሆ። «ማይንክራፍት»ን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ሲ418 በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊ ዳንኤል ሮዘንፌልድ የሙዚቃውን መብት ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ጨዋታው ባለቤት ቀየረ፤ ዜማው አልቀየረም።

ስለዚህ አንዲት ገጽ ትበቃለች፤ ማን ባለመብት እንደሆነ፣ ሙዚቃው ለዚህ ጨዋታ ብቻ ይሁን ለማስታወቂያም፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር፣ ስምህ የት እንደሚጻፍ። ባቲና ትዝታ የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ ማንም ይሠራባቸዋል። የሌላ ሰው ቅጂ ቆርጦ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዜማው የጥንት ቢሆንም የተጫዋቹና የቀጂው መብት አለበት።

ለእህቴ ልጅም ውሉን አዘጋጅቼ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ከእኔም ጋር?» አለ። ከእሱም ጋር። ፈረመ፤ ከዚያ ማሲንቆው ሲመለስ ግማሽ ምት ይዘገያልና ያስተካክሉልኝ ብሎ መልሶ ላከልኝ።