የተቀጠሩ አቤት ባዮች

ከጣራ ገዳም ደን ሥር የሚያልፈው መንገድ ከወረታ ተነሥቶ በአዲስ ዘመንና በእንፍራዝ በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል። የፎገራ ሰው ዛሬ በዚህ መንገድ ሩዙን ይጭንበታል። በነገሥታቱ ዘመን ግን ርስቱን የተቀማ ወይም ሹም የበደለው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ የሚጓዘው ወደዚያው አቅጣጫ ነበር፤ ጃንሆይ ደጅ ቆሞ «አቤት!» ለማለት።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ ይህ ጩኸት ከንጋት እስከ ምሽት ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ እንደማይጠፋ ጽፏል። መጀመሪያ አካባቢ ልቡ ይረበሽ ነበር። ኋላ የሰማው ነገር ግን ይበልጥ ያስገርማል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና እውነተኛው ተበዳይ ከአገሩ መውጣት ሲያቅተው፣ ሥራ ፈቶች እየተቀለቡ የአቤቱታ ጩኸት እንዲያሰሙ ይደረግ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቅ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡን ብቸኝነት እንዳይሰማው፣ ለክብሩም ሲባል ነው አሉት። ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ ሥልጣኑን የያዙት ግን ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ስለዚህ ጩኸቱ የሚደርሰው ብዙም መወሰን ለማይችል ወጣት ንጉሥ ነበር።

አቤቱታ በሕግ መልክ የተጻፈው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 28 ለመንግሥት አቤት ማለትን ፈቀደ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 63 ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። ሁለቱም ሰውየው መጮህ እንደሚችል ይናገራሉ እንጂ ሰሚው በስንት ቀን ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት አይናገሩም። ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ ይህን በ1960 አየው። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ መልእክተኞች አዲስ አበባ ልኮ አቤት አለ፤ የሚሰማው ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ገዥነታቸው የተነሡት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

አቤቱታን በወጉ ለመቀበል ከሞከሩት አንዱ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ አቶሚክን የሚያስፋፋውንም የሚቆጣጠረውንም አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ከፈለ፤ ኮሚሽኑም በተከታዩ ዓመት ሥራ ጀመረ። ከደንቦቹ መካከል 2.206 በሚል ቁጥር የሚታወቀው አንቀጽ ማንኛውም ሰው በአንድ የኑክሌር ጣቢያ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ እንዲታገድ፣ እንዲሻር ወይም እንዲሻሻል። አመልካቹ ጎረቤት መሆን ወይም የግል ጉዳት ማሳየት አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ፍሬ ነገሩን ማስረዳት ነው። ጉዳዩን የሚያይ ቦርድ ይሰየማል፣ አመልካቹ ቀርቦ ይናገራል፣ በመጨረሻም የመምሪያው ኃላፊ ምክንያቱን ዘርዝሮ ውሳኔ ይጽፋል።

የዚህ አንቀጽ ስም የተነሣው በኮኔቲከት ግዛት ባለው በሚልስቶን ጣቢያ ነው። ጆርጅ ጋላቲስ የተባለ የጣቢያው ኩባንያ መሐንዲስ፣ የመጀመሪያው ሪአክተር ነዳጅ ሲቀየር ገና የጋለው ነዳጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ማቀዝቀዣ ገንዳ እንደሚገባ፣ ይህም ከፈቃዱ ውጪ እንደሆነ ደረሰበት። አለቆቹ ጆሮ ሲነፍጉት በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ከአንድ የዜጎች ቡድን ጋር ሆኖ አመለከተ። በተከታዩ መጋቢት ታይም መጽሔት ፎቶውን በሽፋኑ ላይ አወጣው። ሦስቱም ሪአክተሮች ከሥራ ውጪ ሆኑ፤ የመጀመሪያው ዳግም አልተነሣም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1997፣ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ የአንቀጹ ብቻ ውጤት አይደለም። መጽሔቱ ባይጮህ ኖሮ ደብዳቤው ከሌሎቹ ጋር በሳጥን ውስጥ በተረሳ ነበር፤ በዚህ መንገድ ከቀረቡት አቤቱታዎች የተጠየቀውን ሁሉ ያገኙት በጣም ጥቂት ናቸውና።

ጎዶሎው ይግባኝ አለመኖሩ ነው። ኮሚሽኑ ከፈለገ የኃላፊውን ውሳኔ ራሱ ያየዋል፤ አመልካቹ ግን ይታይልኝ ማለት አይችልም። ፍርድ ቤቱም ደጁን ዘግቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች መግደያው መድኃኒት ላይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው እርምጃ እንዲወስድ ጠይቀው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቆጣጣሪ እርምጃ አልወስድም ማለቱ በተለመደው ሁኔታ በዳኛ አይመረመርም ብሎ ወሰነ። በኋላ ይኸው ፍርድ በኑክሌር አመልካቾችም ላይ ተጠቀሰ።

የእኛ ሕግ በወረቀት ላይ ከዚህ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም እንጂ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መልሱ በ30 ቀን ካልመጣ፣ ወይም ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል። የወረታ የሩዝ ገበሬ በርብ ወንዝ ውኃ ላይ፣ የአዲስ ዘመን ነጋዴም በአቃቂ ወንዝ ላይ ማመልከት ይችላል። አፓፕ የሚባለው የመብት ተሟጋች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ራሱን ከስሶ አልተሳካለትም። ሆኖም ቢያንስ የሚገፋ በር ነበረው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የጨረራ መከላከያ አዋጅ ደግሞ በ1986 ዓ.ም. አወጣች። እስካሁን ጨረራ ለአብዛኛው ሰው የሆስፒታል ራጅ ነበር። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኑክሌር ኃይል ዕቅድ አስታወቁ፤ በመስከረም 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ኩባንያ ሮስአቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ጣቢያው የትም ይቆም የት፣ ሠሪውና ተቆጣጣሪው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 እንደለዩት ካልተለዩ አቤቱታው የሚደርሰው ለተከሳሹ ነው። ሕግ አርቃቂዎቹ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ የአዋጅ 300ን አንቀጽ 11 ወደ ኑክሌሩ ሕግ ገልብጠው ማስገባት ይችላሉ፣ 30 ቀኑን ሳይነኩ።