የብሎን መፍቻ ታሪክና የወንድሜ ሁለት ጥርስ

በ«አንቺ» የምጽፈው እጄ ስለለመደው ነውና ወንድሞች ቅር አይበላችሁ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ብሎን ነው። አትሳቂ። እሁድ እሁድ እዚህ ቤሩት ዶራ ላይ ስንገናኝ ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ዕቃ እናወራ የለ? ድሮ ወሬው ስለ ስልክ፣ ስለ ሽቶና ስለ ብርድ ልብስ ነበር። አሁን ግን ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ወይም ባል ያላት ሁሉ «በባትሪ የሚሠራውን የጎማ መፍቻ ላኪልኝ» እየተባለች ነው። ኢምፓክት የሚሉት፣ ሽጉጥ የሚመስለው፣ ሲሠራ ጠጠጠጠ የሚለው። እኔም ተብያለሁ። ተብዬ ገዛሁ፣ ገዝቼም ተበላሁ። አንቺ እንዳትበዪ ታሪኩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እጁ የሚታወቀው በአሮጌ ቮልስ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንዷን ቮልስ የኋላ ታምቡር ሊያወጣ ሲታገል ዳዶው እምቢ አለው። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ራሱ ሲስብ ቧንቧው አመለጠና አፉን መታው። ሁለት የፊት ጥርስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ ሲያወራኝ «ሰ» እያፏጨች ነው የምትወጣው። እሱ ይስቃል። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያ ዳዶ ቀላል ዳዶ አይደለም። 36 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚፈልግ ሲሆን ፋብሪካው እንዲጠብቅ ያዘዘው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። ኒውተን ሜትር ምንድን ነው ካልሽኝ፣ ከትምህርት ቤት ፊዚክስ የቀረኝን ልንገርሽ። አንድ ሜትር በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥዪ፣ ሥሩ ያለው ብሎን ላይ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ያርፍበታል። ስለዚህ 300 ማለት 30 ኪሎ ጤፍ አንጠልጥሎ እንደ ማዞር ነው። ይሄ እንግዲህ በአዲስነቱ ነው። የሃምሳ ዓመት ዝገት ሲጨመርበት ግማሽ ኩንታሉም ላይበቃው ይችላል።

«ታዲያ ለምን አዲስ መኪና አይጠግንም?» ትዪ ይሆናል። ቮልስ እኮ የአገራችን ታሪክ ውስጥ አለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ጃንሆይ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ፣ ያን ሁሉ የከበረ መኪና ትተው የጫኗቸው በቮልስ ነበር። ይህቺ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ትሄዳለች። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማኖር ግድ ሆነ ማለት ነው። የወንድሜ እንጀራ እዚያ ላይ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ካሚዮኑንና መካኒኩን ይዞ መጣ፤ እሱ ተባርሮ ሲወጣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ኢምፓክት ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። እሷ በሌላ በር የመጣች ናት።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ፖት የተባለ አሜሪካዊ የሚመታ መፍቻ ሠራ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ብሎን እምቢ ሲል ሰው ሁሉ የሚያደርገው መፍቻውን ማስረዘም ነው፤ ቧንቧ መሰካት። እሱ ግን መግፋቱን ትቶ ወደ መምታት ሄደ። ሙቀጫ ውስጥ ቡና ስትወቅጪ አስቢው። ዘነዘናውን ቡናው ላይ አስደግፈሽ ቀኑን ሙሉ ብትጫኚው አይደቅም። አንስተሽ ስትለቂው ነው የሚደቅቀው፣ ክብደቱ በአንዲት ቅጽበት ስለሚያርፍ። በዚህ መሣሪያ ውስጥም እንደዚያ የሚሠራ የብረት መዶሻ አለ። ሞተሩ ያዞረዋል፤ ብሎኑ እምቢ ሲል ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ከዚያ ተስፈንጥሮ በጎን ይመታል። በደቂቃ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ። ያ ጠጠጠጠ የሚለው ድምፅ እሱ ነው።

የዚህ ትልቁ ጥቅም ምን መሰለሽ? ምቱ ብሎኑ ላይ ስለሚያርፍ የያዘውን ሰው እጅ አይጠመዝዝም። ወንድሜ ያቺን ቢይዝ ኖሮ ጥርሱ ቦታው ላይ ነበር።

ችግሩ ለብዙ ዓመት መሣሪያው የሚሠራው በአየር መሆኑ ነው። ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ረጅም ጎማ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ትልልቅ ጎሚስታዎች ጋ የምታዪው እሱ ነው። እንደ ወንድሜ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ጥግ ለሚሠራ ሰው ኮምፕሬሰር የሚታሰብ አይደለም፤ መብራቱም ይጠፋል።

እዚህ ላይ ባትሪው ይመጣል። ብላክ ኤንድ ዴከር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ድሪልን እንደ ሽጉጥ በቃታ እንዲያዝ አድርጎ በ1917 የባለቤትነት መብት ያገኘው ያው ኩባንያ፣ በ1961 ገመድ የሌለው ድሪል አወጣ (ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ብዙ ሰው ገመድ አልባ መሣሪያ ለጨረቃ ጉዞ የተፈለሰፈ ይመስለዋል፤ ግን ቀድሞም ነበር። የጠፈር ሰዎቹ የፈለጉት ሌላ ነገር ነው። ጠፈር ላይ ሰው ስለሚንሳፈፍ ብሎን ላዙር ሲል ራሱ ይዞራል። ስለዚህ በ1960ዎቹ ለጀሚኒ ፕሮግራም ብሎኑን እንጂ ሰውየውን የማያዞር መፍቻ ተሠራ። በ1971 ደግሞ የአፖሎ 15 ሰዎች ጨረቃን በባትሪ ድሪል ቦረቦሯት።

እዚያ ድረስ ተደርሶም ቢሆን፣ ምድር ላይ ያለው መካኒክ ለመኪና ጎማ የሚሆን ባትሪ ገና አላገኘም ነበር። የያኔው ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ይባላል፣ ቫልደማር ዩንግነር የተባለ ስዊድናዊ በ1899 የፈለሰፈው። ከባድ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። መላው የመጣው በሊቲየም ነው። ስልክሽ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ዊቲንግሃም፣ ጉዲናፍና ዮሺኖ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ደረጃ በደረጃ ሠርተውት፣ ሶኒ በ1991 ለገበያ አወጣው። ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ግን በ2019 ነው፤ ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ትልልቆቹ የመሣሪያ ሠሪዎች ሊቲየምን መጠቀም የጀመሩት ከ2005 አካባቢ ወዲህ ነው። አየሽ፣ መዶሻው በ1930ዎቹ ተዘጋጅቶ ባትሪውን ሰባ ዓመት ጠበቀ።

ለዚህ ነው እኔ የተበላሁት። መዶሻውን አይቼ ባትሪውን አላየሁም።

ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የገዛሁት መፍቻ ሳጥኑ ላይ በትልቁ «388 ቪኤፍ» ይላል። ሻጩ «ከሁሉም በላይ ኃይለኛው ነው» አለኝ፣ እኔም ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አመንኩ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። ወንድሜ ጋ ደርሶ ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሞተ። ባትሪውን ሲከፍተው ውስጡ አምስት ትንንሽ ሴል ብቻ ነበር። «ቪኤፍ» የሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ የለም፤ ቮልት እንዲመስልሽ የተጻፈ ነው።

እውነተኛው ሒሳብ ይኸውልሽ። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው፣ ሞልቶ ሲያበቃ 4.2 ይሆናል። አምስቱ ሲደረደሩ በአማካይ 18፣ ሲሞሉ 21። ስለዚህ አንዱ ሱቅ 18፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ቮልት ቢልሽ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያሳዩሽ። በቮልቱ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈዪ። የምትጠይቂው አምፒር ሰዓቱን ነው፣ እሱንም ቢሆን በወሬ አትመኚ። አምስት አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ ብዙውን ጊዜ አሥር ሴል አለው፣ ሴሉ እያንዳንዱ ከ45 ግራም በላይ ነው። ሁለተኛውን ስገዛ ሻጩን አስፈቅጄ ባትሪውን በማዳም የኬክ ሚዛን መዘንኩት፤ 600 ግራም አለፈ። የሞተው ግማሹንም የሚያህል አልነበረም። ማዳም ምን እየሠራሽ ነው ብላ ስቃብኛለች፣ ይሳቅብኝ።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የኃይል ቁጥርም እንዳያደነቁርሽ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለማጥበቅ፣ ትልቁ ለመፍታት። ትልቁ በሥዕል ይደምቃል። ለአሮጌ የቤት መኪና በማጥበቂያው በኩል እውነተኛ 400 ወይም 500 ኒውተን ሜትር ካለው በቂ ነው። አንድ ሺህና ከዚያ በላይ የሚለው ለካሚዮን ነው። ከባድ ነው፣ የሸመገለ ቀጭን ብሎንም አንገቱን ይቆርጠዋል። ወንድሜ «ትልቁን ላኪ» ሲለኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ተኮራርፈን ሰንብተናል። ኃይሉን በሁለት በሦስት ደረጃ የሚቀንስ ቁልፍ ካለው ግን ትንሽ ጨምሪበትና ግዢ፣ ያዋጣል። ሞተሩ «ብራሽለስ» ቢል ይሻላል፤ የሚበላ ካርቦን ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት አድርጊ። ወንድምሽ መርካቶ ሄዶ የየትኛው ስም ባትሪ እዚያ እንደሚሸጥ ይጠይቅ። መሣሪያው ዓመታት ይሠራል፣ ባትሪው ግን ቀድሞ ያረጃል። እዚህ የገዛሽው እዚያ ባትሪ ካጣ ብረት ነው የላክሽው።

ቡሶላውን ማለትም ብሎኑ ላይ የሚገባውን ኩባያ መሳይ ነገር አትርሺ። የሚያብረቀርቀው ለእጅ ነው፣ በምቱ ተሰንጥቆ ዓይን ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ለኢምፓክት ጥቁሩና ወፍራሙ ነው። አፉ ግማሽ ኢንች ይሁን። ለቮልስ ከሆነ 36ቱን ለብቻ ጠይቂ፣ በሳጥን የሚሸጠው ስብስብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ወንድምሽም ሞተሩ አካል ላይ እንዳይጠቀምበት ንገሪው፤ የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ለስላሳ ብረት ነው፣ ጥርሱ ይበላል። ሲገጥምም በእጁ ያጥብቅ። ኢምፓክት ለመፍታት እንጂ ለመጨረስ አይደለችም።

በመጨረሻ አላላኩ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣ ወደ አውሮፕላን ሆድ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። መፍቻው ብቻውን ሻንጣ ውስጥ ይሂድ። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 18 በ5 ዘጠና ይሆናል፣ ያልፋል። 18 በ6 ግን 108 ነው፣ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም። የባትሪውን አፍ በፕላስተር ሸፍኚው። ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል መኖሩንም እዪ። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ካለበት አገር የምትልኪ፣ የአገራችን ክብ ሁለት እግር ስለሆነ ማስተካከያዋን አብረሽ ጨምሪ።

ሁለተኛውን በእቁብ ብር ገዝቼ፣ ባለፈው ወር አገር በገባች ጓደኛችን እጅ ላክሁት። ወንድሜ ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶ ላከልኝ። የቮልሷ ታምቡር ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ዳዶው መዳፉ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይስቃል። ክፍተቱ ይታያል። ቀጣዩ እቁብ ለጥርሱ ነው ብዬዋለሁ፤ እሱ ግን «መጀመሪያ ሁለተኛ ባትሪ» ብሎኛል፣ ገና አልተስማማንም።