ምርቃት የለመደ ሰው

ጄፍሪ ካትዘንበርግን በስሙ ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። በ1984 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የዲዝኒን ፊልም ስቱዲዮ እንዲመራ ሲሾም ቤቱ በድሮ ዝናው የሚተዳደር ነበር። ልጆቻችን በቪዲዮ ካሴት እየደጋገሙ የሸመደዱት «ላየን ኪንግ» የወጣው እሱ እዚያ በቆየበት የመጨረሻ ዓመት፣ በ1994 ነው። በዚያው ዓመት ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ወጣና ከስፒልበርግና ከዴቪድ ጌፈን ጋር ድሪምዎርክስን አቋቋመ። «ሽሬክ» የዚያ ቤት ልጅ ነው። በ2016 የአኒሜሽኑ ኩባንያ በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሰውየው ያኔ 65 ዓመቱ ነው። እኛ አገር ቢሆን ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ ያጫውታል፤ ቢበዛ የዕድር ዳኛ ይሆናል። እሱ ግን የቴክኖሎጂ ነጋዴ ልሁን አለ።

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ይሄን አስቀድሜ የምለው በኋላ ብዙ ስለተሳቀበት ነው። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ቡና አዝዞ ሲቀመጥ ስልኩን ያወጣል። ለዚያች ጊዜ የሚሆን፣ በሆሊውድ ጥራትና በሆሊውድ ተዋናይ የተሠራ፣ ከ10 ደቂቃ የማያልፍ ታሪክ ለምን አይኖርም? ስሙን «ኪቢ» አሉት፤ ፈጣን ጉርሻ እንደ ማለት ነው። ስልኩን ሲያቆሙትም ሲያጋድሙትም ሥዕሉ መስኮቱን ሞልቶ የሚታይበት ዘዴ ተሠራለት። ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ኢቤይን ያሳደገችው ሜግ ዊትማን ሆነች። ገና አንድ ተመልካች ሳይመጣ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ተሰበሰበ፤ ዲዝኒን ጨምሮ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ራሳቸው አዋጡ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊልም ይመረቃል። ከምርቃቱ በፊት መቁረጥ፣ መቀጠል፣ እንደገና መቅረጽ ይቻላል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን አለቀ፣ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። ስለዚህ ጎበዝ ፕሮዲውሰር ሁሉን አሟልቶ፣ ከተማውን በማስታወቂያ አጥለቅልቆ፣ የዚያችን ቀን ድል ይጠብቃል። የሶፍትዌር ሰዎች ልማድ ሌላ ነው። ገና ሳይበስል ለጥቂት ሰው ያቀምሱና ፊቱን እያዩ ጨው ይጨምራሉ። ካትዘንበርግ ሙያውን ለወጠ እንጂ ልማዱን አልለወጠም።

ምርቃቱ ኤፕሪል 6 ቀን 2020 ሆነ። ኮሮና ሰውን እቤት ዘግቶበታል፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ የለም። ሁሉም ሶፋው ላይ ነው፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ለፊቱ ነው፤ ኪቢ ግን ያኔ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን አይሻገርም። የባሰው ደግሞ፣ ያስደነቀንን ትዕይንት በስክሪንሹት አንስቶ ለጓደኛ መላክ አይቻልም ነበር። ለፊልም ሰው ይሄ ሲኒማ ቤት ካሜራ ደብቆ እንደ መግባት ነው፣ ሌብነት ነው። ስልክ ላይ ግን ወሬ የሚዛመተው በዚሁ ነው። ቲክቶክ ያለ አንድ የሆሊውድ ተዋናይ ዓለሙን የወሰደው ሰው ለሰው እየተቀባበለው አይደል?

ካትዘንበርግ መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በወረርሽኙ አላከከ። ግማሽ እውነት አለው፤ ነገር ግን ያው ወረርሽኝ ለኔትፍሊክስ ሲሳይ ነበር። በመሰናበቻ ደብዳቤያቸው ላይ ግን ሐሳቡ ራሱ ብቻውን የሚያቆም ላይሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል። ይሄን መጻፋቸውን አከብራለሁ።

በቴሌቪዥን ማየት በኋላ ተፈቀደ፤ ተመልካቹ ግን ሄዷል። በሴፕቴምበር ከኪቢ ታሪኮች አንዱ ሁለት የኤሚ ሽልማት አገኘ። በኦክቶበር መዘጋቱ ተነገረ። ዲሴምበር 1 ቀን መብራቱ ጠፋ፤ ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም። ሠራተኛው ተበተነ፤ የተረፈው ገንዘብ ለባለድርሻዎቹ ተመለሰ።

ታሪኮቹን በጃንዋሪ 2021 ሮኩ የተባለ ኩባንያ ገዛቸው። ሮኩ ሥራው ምን መሰላችሁ? ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ መሸጥ! ለስልክ ተብለው የተሠሩት ታሪኮች በዚያው ዓመት ሳሎን ገብተው፣ በማስታወቂያ ታጅበው፣ በነፃ መታየት ጀመሩ። ካትዘንበርግ ግን ወደ ስቱዲዮ አልተመለሰም፤ ወንደርኮ በተባለው ኩባንያው በኩል ገንዘቡን በሌሎች ቴክኖሎጂ ሠሪዎች ላይ ማፍሰሱን ቀጠለ።