ለ39 ዓመት «ኮከብ» ተብሎ የኖረው

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንድ የተሳሳተ መዝገብ እናውራ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ኩኖ ሆፍማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ነጥብ ሰማይ ላይ አገኘ። የሰውየው ሥራ ይኸው ነበር፦ የሰማይን ፎቶ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ማንሳት፣ የዛሬውን ከቀድሞው ጋር ማስተያየት፣ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን መልቀም። በሕይወት ዘመኑ ወደ 10,000 የሚጠጉ አግኝቷል። ይህኛውም ከእነዚያ እንደ አንዱ ተቆጥሮ «ቢኤል ላሰርቴ» በሚል ስም ተለዋዋጭ ከዋክብት መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙም ያስታወሰው አልነበረም።

በ1968 ጆን ሽሚት የተባለ ተመራማሪ አንድ ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ ከዚሁ «ኮከብ» ጋር ተገናኘ። በ1970ዎቹ ርቀቱ ሲለካ ወደ 900 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ኮከብ የተባለው የአንድ ሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነበር። እምብርቱ ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል ተቀምጦ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ ይውጣል፤ ጋዙ ከመዋጡ በፊት እየተሽከረከረ ይግላል፣ ያበራል። ዛሬ እንዲህ ያሉትን ንቁ ጋላክሲዎች እንላቸዋለን።

ለመሆኑ የብርሃን መለዋወጥ ይህን ያህል ምን ይነግረናል? መልሱ የመጣው ከሌላ ታሪክ ነው።

በ1963 ማርተን ሽሚት «3ሲ 273» የተባለው ኮከብ መሳይ ነጥብ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ እንደሚርቅ አሳወቀ። በዚያ ርቀት ሆኖ እንዲህ ከታየ ከአንድ ሙሉ ጋላክሲ አብልጦ ያበራል ማለት ነው። ታዲያ ምን ያህል ቢገዝፍ ነው? ሃርላን ስሚዝና ዶሪት ሆፍላይት የተባለች ባልደረባው አዲስ ቴሌስኮፕ አልጠየቁም፤ የሄዱት ወደ ሃርቫርድ የሰሌዳ ክምችት ነው። እዚያ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የተነሱ ፎቶዎች ነበሩ። ነጥቡ ከ70 ዓመት በላይ በዝምታ ሲነሳ ኖሯል። ሲያስተያዩት ብርሃኑ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት የሚሰፋ ጋላክሲ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢደምቅ እንኳ፣ የቅርቡ ጠርዝ ብርሃን እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ የሩቁ ጠርዝ እስኪደርስ ዘመናት ያልፋሉ። በወራት ውስጥ የሚለዋወጥ ነገር ግን ስፋቱ ብርሃን በወራት ከሚያቋርጠው አይበልጥም። ከጋላክሲ የሚበልጥ ብርሃን ከዚያች ጠባብ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። ሳይንስን ወደ ብላክ ሆል ከገፉት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከእነዚያ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ሲነሱ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ሌላ ጋላክሲ መኖሩ እንኳ አልተረጋገጠም ነበር። ያነሷቸው ሰዎች ምን እንደያዙ አያውቁም። ሥራቸው በየሌሊቱ ማንሳት፣ ቀኑን መጻፍና በቦታው ማስቀመጥ ነበር።

ታሪኩ ግን መራራ ጎንም አለው። በ1950ዎቹ የሃርቫርድ ምልከታ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ዶናልድ መንዘል ወጪ ለመቀነስ ፎቶ ማንሳቱን አስቆመ። ሥራው የቀጠለው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የ3ሲ 273 ምንነት የታወቀው እንግዲህ ካሜራው በተዘጋበት ዘመን መሆኑ ነው! ክፍተቱ ዛሬም «የመንዘል ክፍተት» ይባላል። ሌሎች ጣቢያዎች ማንሳታቸውን አላቋረጡም፤ ሃርቫርድ ያላነሳቸውን ሌሊቶች ግን ማንም ተመልሶ ሊያነሳቸው አይችልም።

ዛሬ የሆፍማይስተርን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ምልከታ ጣቢያ የደቡቡን ሰማይ ለ10 ዓመት ደጋግሞ ለማንሳት የተሠራ ነው። ብዙዎቹ ተለዋዋጭ ከዋክብት እንደ ሰዓት በተመላላሽ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። የንቁ ጋላክሲ ብርሃን ግን ሥርዓት የለውም፤ በቀናት ጥቂት፣ በዓመታት ብዙ ይዋዥቃል። የሚለዩትም በዚህ ነው። ይህ ጠባይ የሚታወቀው ግን በአንድ ፎቶ ሳይሆን በተከታታይ መዝገብ ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሆፍማይስተር ስሙን ቢሳሳትም መዝገቡን አልተሳሳተም። ስም ይታረማል፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ሌሊት ግን አይታረምም። በጀት ሲጠብ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው መዝገብ ቤት ላይ ነው፤ «ለምን ይጠቅማል?» ብለን እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ያስቀመጠው ሰው ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም። መልሱ ከ70 ዓመት በኋላ መጣ።