ውሻዎ ለምን ያነክሳል? ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችና መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

ማነከስ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። ውሻ አንድ እግሩን አንስቶ ወይም ሳያሳርፍ የሚራመደው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያመው ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የነርቭ ጉዳት ወይም የመገጣጠሚያ ችግር ያለ ህመም አረማመዱን ሊያዛባው ይችላል። ምክንያቱ መዳፉ ላይ እንደተሰካ እሾህ ቀላል፣ እንደ አጥንት ካንሰር ደግሞ ከባድ ሊሆን ይችላል። ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮህም፤ ስለዚህ "አልጮኸም፣ አላመመውም" ብለው አይደምድሙ።

የታመመውን እግር እንዴት ይለያሉ?

ውሻውን በገመድ ይዘው ሌላ ሰው ቀስ ብሎ እንዲያራምደው ያድርጉ፤ እርስዎ ከፊትና ከኋላ ሆነው ይመልከቱ።

• የፊት እግሩን ካመመው፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ በጤነኛው ሲረግጥ ዝቅ ያደርገዋል።
• የኋላ እግሩን ካመመው፣ በታመመው በኩል ያለው ዳሌ ከሌላው ይበልጥ ከፍ ዝቅ ይላል።
• ቆሞ እያለ ጣቶቹን ብቻ መሬት ካስነካ ወይም ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ካደረገ ይህም ምልክት ነው።

ድንገት የሚጀምር ማነከስ

የመዳፍ ጉዳት፦ መጀመሪያ የሚመረመረው መዳፍ ነው። እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ምስማር ወይም የቆርቆሮ ጠርዝ መዳፉን ሊወጋ ወይም ሊቆርጥ ይችላል። በጣቶቹ መካከል እብጠት፣ መግል ወይም የተሰካ ነገር መኖሩን ይመልከቱ። ውሻው አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚልስ ከሆነ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል።

የተሰበረ ጥፍር፦ ሳይቆረጥ የረዘመ ጥፍር አንድ ነገር ላይ ተጠምዶ ይሰነጠቃል። ጉዳቱ ትንሽ ቢመስልም ህመሙ ከባድ ነው፤ ደምም ሊፈስ ይችላል።

ሙጀሌና መዥገር፦ ሙጀሌ ባለባቸው አካባቢዎች ተባዩ ሰውን ብቻ ሳይሆን የውሻንም መዳፍ ይገባል። መዥገርም በጣቶች መካከል ተጣብቆ ቦታውን ያሳብጣል።

ወለምታ፣ ውልቃትና ስብራት፦ ከከፍታ መዝለል፣ በመኪና መገጨት ወይም መመታት ያስከትላቸዋል። እግሩ ከተንጠለጠለ፣ ቅርጹ ከተጣመመ ወይም ውሻው ጨርሶ ካልረገጠበት ስብራት ወይም ውልቃት ሊሆን ይችላል።

የጉልበት ጅማት መበጠስ፦ በተለይ ክብደታቸው የጨመረና በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ውሾችን ያጠቃል። ውሻው ሲሮጥ ወይም ሲዞር ድንገት የኋላ እግሩን ያነሳል። ጥቂት ቀናት አርፎ የተሻለው ቢመስልም እንቅስቃሴ ሲጀምር ይመለስበታል።

ቀስ በቀስ የሚመጣ ማነከስ

የመገጣጠሚያ መበላት፦ በዕድሜ በገፉ ውሾች የተለመደ ነው። ውሻው ጠዋት ሲነሳ ይገተራል፣ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይለቀዋል፤ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል። ብርድ ሲሆን ሊብስበት ይችላል።

የዳሌ መገጣጠሚያ አለመግጠም፦ እንደ ጀርመን ሸፐርድ ባሉ ትላልቅ ዝርያዎች ይበዛል፤ ከወላጅ ይወረሳል። ውሻው ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ እንደ ጥንቸል ሊዘል ይችላል።

የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት፦ በትናንሽ ዝርያዎች ያጋጥማል። ውሻው እየሮጠ ሳለ ጥቂት እርምጃ በሦስት እግሩ ይሄድና ወዲያው እንደ ቀድሞው ይሆናል።

በቡችላነት የሚከሰት የአጥንት ህመም፦ በአብዛኛው ከ5 እስከ 18 ወር ባሉ ትላልቅ ዝርያዎች ይታያል። ማነከሱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ብዙ ጊዜም ከዕድገት ጋር ይጠፋል።

የካልሲየም እጥረት፦ ሥጋ ብቻ የሚመገብ ቡችላ ጠንካራ አጥንት የሚኖረው ይመስላል፤ እውነታው ግን ተቃራኒ ነው። ሥጋ ካልሲየሙ አነስተኛ፣ ፎስፈረሱ ደግሞ ብዙ በመሆኑ ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይወስዳል። አጥንቱ ሲሳሳ ያለ ከባድ አደጋ ሊሰበር ይችላል። ሆኖም የካልሲየም መብዛትም ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ምክር አይጨምሩለት።

በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች፦ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና የመገጣጠሚያ ህመም ያስከትላሉ። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ በእጅ ሲነካ መሞቁ ብቻ ትኩሳት አለው አያሰኝም።

የአጥንት ካንሰር፦ በትላልቅና በዕድሜ በገፉ ውሾች ይበዛል። እየባሰ የሚሄድ ማነከስና እግር አጥንት ላይ የሚታይ ጠንካራ እብጠት ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

የእብድ ውሻ በሽታን አይርሱ

የውሻው እግር መዛል ወይም መሽመድመድ ከጠባይ ለውጥ፣ ከለሃጭ መብዛት፣ ከመንጋጋ መውደቅ ወይም መዋጥ ከማቃት ጋር ከመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። "አጥንት አንቆት ይሆናል" ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ። ከሰው ያርቁትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ውሻው የነከሰው፣ የቧጨረው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ነካሹ የራስዎ ውሻ ቢሆንም፣ ጤነኛ ቢመስልም ይሂዱ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ምልክት ከመታየቱ በፊት ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ከመንካትዎ በፊት አፉን በለስላሳ ጨርቅ ያስሩ፤ የሚወድዎት ውሻም ሲያመው ሊነክስ ይችላል። የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የተቸገረ ከሆነ ግን አፉን አይሰሩ።
• ከጤነኛው እግር ጀምረው ከጣቶቹ ወደ ላይ በቀስታ ይዳስሱ።
• በቀላሉ የሚወጣ እሾህ ካለ አውጥተው ቦታውን በንጹህ ውኃ ይጠቡ። በጥልቀት የገባውን አይጎትቱ።
• አዲስ እብጠት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያድርጉ።
• ለ1 ወይም ለ2 ቀን ከመሮጥና ከመዝለል ያሳርፉት።

ማድረግ የሌለብዎት

• የሰው የህመም ማስታገሻ አይስጡ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ሊያቆስሉና ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።
• ራጅ ሳይነሳ እግሩን በወጌሻ አያሳሹ ወይም አያስጎትቱ። የተሰበረ አጥንት ሲነካካ የደም ሥርና ነርቭ ሊቆርጥ ይችላል።
• እግሩን አጥብቀው አይሰሩ፤ የደም ዝውውር ሊቋረጥ ይችላል።

ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• በመኪና ከተገጨ ወይም ከከፍታ ከወደቀ፣ ቆሞ ቢራመድም እንኳ
• እግሩ ላይ ጨርሶ ካልረገጠ፣ እግሩ ከተጣመመ ወይም አጥንት ከታየ
• ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ተጭነው ደሙ ካልቆመ
• የኋላ እግሮቹን ከጎተተ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው
• ትኩሳት ካለው ወይም መብላት ካቆመ

እነዚህ ባይኖሩም፣ ከ2 ቀን እረፍት በኋላ ካልተሻለው ወይም እየተመላለሰ ካነከሰ ያስመርምሩት።

ሐኪሙ ምን ይጠይቅዎታል?

መቼ እንደጀመረ፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ከእረፍት በኋላ ይብሳል ወይስ ከሩጫ በኋላ፣ ምን እንደሚመገብ፣ በቅርቡ ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ እንደሆነና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደወሰደ ይጠይቅዎታል። ሐኪሙ ፊት ማነከሱን ሊያቆም ስለሚችል በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ይሂዱ። እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ ወይም የደም ምርመራ ይታዘዛል።

እንዴት መከላከል ይቻላል?

ክብደቱን ይቆጣጠሩ፤ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ጥፍሩን ይቁረጡ፣ መዳፉንና መዥገር መኖሩን በየጊዜው ይፈትሹ። ግቢዎን ከምስማርና ከጠርሙስ ስባሪ ያጽዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በወቅቱ ማስከተብ ደግሞ ውሻውን ብቻ ሳይሆን መላ ቤተሰብዎን ይጠብቃል።