ትንቢት ቀጠሮ አይደለም

  የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። እኔም የጻፍኩት ኤርፖርት ላይ ተራ እየጠበቅኩ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነው።

ሰሞኑን ስልኬ በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ተጥለቅልቋል። «ትንቢቱ ሊፈጸም ነው፣ እስከ መስከረም ጠብቁ» ይላል። ባለፈው ጊዜ «እስከ ፋሲካ» ነበር። ላኪዎቹን አልነቅፍም። እናቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው፣ ስልክ በተቋረጠ ቁጥር ሆዱ የሚባባ ሰው፣ ተስፋ ቢርበው አይፈረድበትም። የሚያሳዝነኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። የተባለው ሳይሆን ሲቀር ሰው ቀን ቆራጩን ትቶ እግዚአብሔርን ይቀየማል። ስለዚህ ዛሬ አባቶቻችን በትንቢት ተስፋ ያደረጉበትን ታሪክ ላንሳ። እዚሁ ቶሮንቶ የተፈጸመም አለበት።

ከአፄ ቴዎድሮስ እንጀምር። በዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ፣ ወታደር የገበሬውን ጎተራ ሲያራግፍ፣ ሕዝቡ አንድ ተስፋ ነበረው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል፣ ሰላምና ጥጋብ ይሆናል የሚል ትንቢት አለ። የቋራው ካሣ ኃይሉ ተቀናቃኞቹን አንድ በአንድ ድል አድርጎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ፣ ስሙን ቴዎድሮስ አለ። የተጠበቀው ንጉሥ እኔ ነኝ ማለቱ ነበር።

እኔ ድሮ መሐንዲስ ነበርኩና ለአፄ ቴዎድሮስ ልቤ ይደላል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን መቅደላ ድረስ ለማውጣት ገደል እየናዱ ያስጠረጉት መንገድ ዛሬም ያስደንቀኛል። አገር አንድ ለማድረግ የነበራቸው ሕልም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ትንቢቱን በራሳቸው ስም ላይ ካሰሩት በኋላ የተቃወማቸው ሁሉ የእግዚአብሔር ጠላት መሰላቸው። አመፁ በበረታ ቁጥር ቅጣቱ ከፋ፤ በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ተቃጠሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ሲሰዉ፣ ሰላምና ጥጋብ ይመጣል ያለው ገበሬ አሁንም ይጠብቅ ነበር። ትንቢት ሰው ላይ ሲታሰር ሰውየው በወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው። መዝሙረ ዳዊት 68፥31፣ በግዕዙ ዳዊት ደግሞ መዝሙር 67፤ ስለ ኢትዮጵያ የተዘረጉ እጆች የሚናገረው። በዕብራይስጡ ቃሉ «ኩሽ» ነው፤ ከግብፅ በታች ያለውን አገር ይጠራል። ይህን ጥቅስ የኛ ብቻ አድርገን እንይዘዋለን እንጂ፣ ከኛ ሌላ በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁር ክርስቲያኖች ለትውልድ ኖረውበታል። በአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪው የሚሰብክላቸው «ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን ነበር። እነሱ ግን ኢትዮጵያ የሚል ስም መጽሐፉ ውስጥ አገኙ፣ እኛም በመጽሐፉ ውስጥ አለን አሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1808 እ.ኤ.አ. የቆመው ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን የሚለውን ስም የያዘው በከንቱ አይደለም።

ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቪ ይህን ጥቅስ ደጋግሞ ያነሳው ነበር። የመሠረተው ማኅበር በ1920 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ ይጠራል። የማኅበሩ የቶሮንቶ ቅርንጫፍ አዳራሽ እዚህ ኮሌጅ ጎዳና ላይ ነበር፤ እኔ ሰው ጭኜ ስንት ጊዜ የማልፍበት መንገድ። ጋርቪ ከአሜሪካ ተባሮ ስለነበር በ1936 እና በ1937 እ.ኤ.አ. ጉባኤውን ቶሮንቶ አደረገ፤ በነሐሴ 1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉን ጉባኤ እዚሁ ጠራ። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ናት፣ አገራችን ከካርታ ተፍቃለች፣ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ግን ቶሮንቶ ውስጥ ይዘመራል። ጋርቪ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከአገር በመውጣታቸው ክፉኛ ነቅፏቸው ነበር። ቢሆንም ንጉሡን ስላልወደደ ተስፋውን አልጣለም፤ ተስፋው ንጉሡ ላይ አልነበረማ። በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲሞት አዲስ አበባ ነፃ ልትወጣ 11 ወር ቀርቷት ነበር። አፍሪካንም በዓይኑ ሳያያት ነው የሄደው።

በዚያው ዘመን ይህች የምንኖርባት አገር ምን አደረገች? ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. ሲወረን፣ በጄኔቭ የካናዳ ተወካይ የነበረው ዋልተር ሪዴል ኅዳር 2 ላይ ዘይት፣ ከሰልና ብረትም ለጣሊያን እንዳይሸጥ ሐሳብ አቀረበ። የሙሶሊኒ ታንክና አውሮፕላን ያለ ዘይት እንደማይንቀሳቀስ ሁሉም ያውቃል። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ የማኬንዚ ኪንግ መንግሥት «ይህ የግለሰቡ ሐሳብ እንጂ የካናዳ አይደለም» ብሎ ካደው። ዘይቱ ሳይከለከል ቀረ። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ምን ነበር? አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። አምስት ዓመት ብትጠብቁ ነፃነት ይመጣል ያላቸው አልነበረም። በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ ሲዋጉ ቀን የቆረጠላቸው የለም። ከዚያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት የገባባት አዲስ አበባ፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን መልሳ ተቀበለች። በዚያም ቀን ለሕዝቡ የነገሩት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ነው የሚለን። ኤርምያስ 28ን እና 29ን አንድ ላይ አንብቡት። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኛው ይመለሳል አለ። ሕዝቡ ወደደው፤ የዘመኑ ቪዲዮ ማለት እሱ ነበር። ኤርምያስ መጀመሪያ አሜን፣ እንዳልከው ያድርገው አለ፤ እሱም የወገኑን መመለስ ይመኝ ነበርና። በኋላ ግን እውነቱን ለባቢሎን ስደተኞች በደብዳቤ ጻፈ፤ ነገሩ 70 ዓመት ነው። እስከዚያ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ጸልዩ። 70 ዓመት ማለት ደብዳቤውን ካነበቡት አብዛኞቹ አይመለሱም ማለት ነው። የሚመለሱት ልጆቻቸው ናቸው።

ይህን ስታነቡ ተስፋ ቆረጣችሁ? እኔን ግን ያበረታኛል። መሐንዲስ ሳለሁ ፕላንና የጊዜ ሰሌዳ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ነበሩ። ትንቢት ፕላኑን ያሳየናል፤ ፍትሕ እንደሚያሸንፍ፣ የተበተነው እንደሚሰበሰብ። የጊዜ ሰሌዳው በባለቤቱ እጅ ነው። ፕላኑን አይቶ ያመነ ሠራተኛ ምረቃው መቼ እንደሆነ ባያውቅም ዛሬ ድንጋዩን ይጠርባል።

እዚህ ዳንፎርዝ ላይ 20 ዓመት ኖሮ ሻንጣውን ያልፈታ ሰው አለ፤ ዘንድሮ እገባለሁ እያለ ልጆቹን አማርኛ ሳያስተምር ያደጉበት። አገሩን ስለሚወድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትንቢቱን የሚወርሱት እነዚያ ልጆች ናቸው። ፊደሉን አስቆጥሯቸው። ዳዊቱን አስነብቧቸው። እናታችሁ ጋ ደውሉ፣ የተጣላችሁትን ወገን ታረቁ፣ ለዚህችም ከተማ ጸልዩ።

የሚቀጥለው «እስከዚህ ቀን ጠብቁ» የሚል ቪዲዮ ሲደርሳችሁ እንደ ኤርምያስ አሜን በሉ፤ ሰላም ዛሬ ቢመጣ ማን ይጠላል? ከዚያ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። እጅ መዘርጋት ለጸሎትም ነው፣ ለሥራም ነው፣ ወንድምን ለማንሣትም ነው።

እግዚአብሔር አገራችንን ይጠብቅልን። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ቀን ግን አትቁረጡልኝ።